የኖራው ገንዳ

ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ አፍንጫዋ ላይ ደፍና ከአባቷና ከአጎቷ ኋላ ትጎተታለች። የቆዳ ፋብሪካው ግቢ ሽታ እንኳን አፍንጫ ጥርስ ውስጥ ይገባል። የበሰበሰ ሥጋ ነው እንዳይባል ኖራ ኖራ ይላል፤ ኖራ ነው እንዳይባል የበሰበሰ ሥጋ አለበት።

የአባቷ ደስታ ግን ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሙን ሊጠይቅ ይዟት ከመጣ ጀምሮ፣ ያደግሁበትን ሁሉ ካላሳየሁሽ ብሎ እግሯ እስኪቀጥን አዙሯታል። የተማረበት ክፍል፣ የወደቀበት ዛፍ፣ የዋኘበት ወንዝ። ወንዙ አሁን ፌስታል ተሸክሞ የሚንፏቀቅ ጥቁር ቦይ ሆኗል። በየደረሱበት ወንድማማቾቹ የሚያነሱት ታዲያ አንድ የክፍል ጓደኛቸውን ነው፤ «ክርፋቱ» ይሉታል። አባቱ እዚሁ ቆዳ ይሠራ ስለነበር ልጁም ይሸታል ብለው ብቻውን ያስቀምጡት፣ ደብተሩን በእንጨት ይነኩት እንደነበር እያወሩ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። መጀመሪያ ላይ እሷም አብራ ስቃለች።

ገንዳው ግቢው መሃል አፉን ከፍቷል። ጥሬ ቆዳ ፀጉሩ እስኪለቅ በኖራ ውሃ የሚዘፈዘፍበት ነው። ላዩ ላይ ግራጫ አረፋና የፀጉር ጓል ይንሳፈፋል፤ በአንድ በኩል የበግ ጆሮ ብቅ ብሏል። እጅጌዋን አፍንጫዋ ላይ ይበልጥ ጫነች።

«ክርፋቱን እዚህ ነው የከተትነው» አለ አጎቷ።

አባቷ ወሬውን ተቀበለው። ልጁ ሊወጣ ሲል ጣቶቹን እየረገጠ የመለሰው እሱ ራሱ ነበር። ኖራው ዓይኑን አቃጥሎት ልጁ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣም። ይህንንም እየሳቀ ነው የነገራት። ልጅቷ እጅጌዋን ከአፍንጫዋ ማውረዷ አልታወቃትም።

ከመጋዘኑ የላስቲክ ቦቲ ያደረገ ሰው ወጣ። አንድ ዓይኑ ነጭ ነው።

«ክርፋቱ፣ አለህ እንዴ?» አለ አባቷ።

ሰውየው ፈገግ ብሎ እንኳን ደህና መጣችሁ አላቸውና ጣቶቹን አጥፎ የእጁን አንጓ ዘረጋ። እዚህ የሚሠሩ ሰዎች እጃቸው ስለሚሸት መዳፋቸውን ለእንግዳ አይሰጡም። አባቷ አንጓውን በሁለት ጣት ነካ አደረገና ስልኩን ለልጅቷ አቀበላት።

«ና ጫፉ ላይ ቁም፤ እንደ ድሮው ስንገፋህ ታንሳን።»

ሰውየው ውሃውን አየ። ከዚያ እሺ ማለት እንደለመደ ሰው ሄዶ ቆመ። ልጅቷ ስልኩን ከፍ አደረገች። ስክሪኑ ላይ የአባቷ እጅ የሰውየው ጀርባ ላይ አርፏል፤ ሰውየው ደግሞ አጠገቡ ያለውን የብረት ምሰሶ ጨምድዶ ይዟል። ስልኩን አወረደችው።

«አንሺን እንጂ።»

«አላነሳም። ያስጠላል።»

«ሽታውን ትንሽ ቻይው።»

«ሽታው አይደለም፣ አባዬ።»

ስልኩን መለሰችለትና ወደ ሰውየው ሄደች። እሱ አንጓውን ሲሰጣት እጁን ገልብጣ መዳፉን ጨበጠች። ያሙለጨልጫል፤ ክንዷ ድረስ ቀፈፋት፤ ግን አለቀቀችም።

«ስምዎ ማን ነው?»

ቀስ ብሎ ነገራት። አባቷ ስሙን ጨርሶ ረስቶት እንደነበር ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

መኪና ውስጥ አባቷ ሳያያት እርጥብ ሶፍት አቀበላት።

«እጅሽን ጥረጊ» አላት።

ተቀበለችው። ሳትከፍተው ዳሽቦርዱ ላይ፣ እሱ ፊት አስቀመጠችው።