ከዘንጉ በላይ የቆሙት ካርዶች

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ኋላ «ይሄም ሰውዬ እንደ ሌሎቹ ነው» ብለህ ገጹን እንዳታልፈው። ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ግንቡ የሚወራውን ሁሉ ይሰማል፣ ሲመሽ የፈረስ ኮቴ አለ ይሉሃል፣ በዚያ በኩል ብቻህን አትለፍ ይሉሃል፣ እኔ ግን እያፏጨሁ አልፌበታለሁ፣ እመነኝ፣ ካንድ ሰካራም በቀር ያገኘሁት የለም። አክስቴ «አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ያሳይሃል» ስትለኝ «ሲያሳየኝ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ» እያልኩ አበሽቃት ነበር። አክስቴ ሞተች፣ ደብዳቤውም ሳይጻፍ ቀረ፣ እንግዲህ ላንተ ልጻፈው።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ እኔ ደግሞ እዚያው ጎንደር፣ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የካታሎግ ሠራተኛ ነበርኩ። የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ጻፍ ጻፍ አድርገው መጽሐፉ የት እንዳለ ያያሉ፣ በእኛ ጊዜ ግን ካታሎግ ማለት ትንንሽ መሳቢያዎች ያሉት ትልቅ የእንጨት ቁም ሣጥን ነው፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ ካርድ አለው፣ ካርዱ ከግርጌው ቀዳዳ አለው፣ ማንም መዝዞ እንዳይሄድ በሁሉም ቀዳዳ ውስጥ አንድ የብረት ዘንግ ያልፋል። አዲስ ካርድ ሲመጣ ዘንጉን አውጥተህ ዝም ብለህ አትከተውም፣ መጀመሪያ ከዘንጉ በላይ ታቆመዋለህ፣ ከሌሎቹ በላይ አንገቱን አውጥቶ ይጠብቃል፣ ከዚያ አለቃህ መጥቶ ቦታውን ያይና ልክ ከሆነ ዘንጉን ስቦ ካርዱን ጠብ ያደርገዋል፣ ዘንጉን ይመልሳል፣ መሳቢያውም ይዘጋል። አለቃ ያላየው ካርድ አይወርድም፣ ሕጋችን ይህ ነበር።

አለቃችን ጋሽ ታደሰ ነበሩ። የመካነ ብርሃን ሰው ናቸው፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ውለዋል፣ ካርድ ሲያዩም የፊደሉን ተራ በሹክሹክታ «ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ» እያሉ ነው። ስሕተት ካገኙ አይቆጡም፣ ካርዱን ገልብጠው በራሱ ይተክሉታል፤ ቀዳዳው ወደ ላይ ይሆንና ጠዋት ስትገባ እንደ ዓይን አፍጥጦ ይጠብቅሃል። ከዚያስ ቁጣ ይሻል ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መጥተው «ለአጭር ጥያቄ ነው» ብለው ወሰዷቸው፣ ኮታቸውን እንኳ ከወንበሩ ላይ አላነሡም። ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ እዚያው ከእኛ ጋር መጽሐፍ ያበድሩ ነበር። ባልና ሚስት አንድ ቦታ ሠርተው አንድ ቤት የሚያድሩ፣ እግዜር ልጅ ያልሰጣቸው፣ እርስ በርስ የሚበቃቁ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ስንዱ በየዓርቡ ምሳ ዕቃ ይዘው እስር ቤት ይሄዳሉ፣ መግባት የለም፣ መተያየት የለም፣ ምሳ ዕቃው ይገባል፣ ባዶውን ታጥቦ ይመለሳል። በዚያ ዘመን መርዶ ነጋሪው የእስር ቤቱ ዘበኛ ነበር፤ ስንቅ ይዘህ ሄደህ «ከእንግዲህ አታምጡ» ካለህ በቃ፣ ተረዳህ ማለት ነው። የእሳቸው ግን ይገባ ነበር። «ምሳ ዕቃው ባዶውን እስከመጣ ድረስ ታደሰ አለ» ይሉኛል፣ ያን እያሉ ነው የሚኖሩት።

በዚህ መሐል ትእዛዝ መጣ። ከየመደርደሪያው እየተመረጡ የተዘረዘሩ መጻሕፍት ተነሥተው የኋላው ክፍል ይቆለፍባቸው፣ የፈለጋቸው ሰው ከኮሌጁ ካድሬ ማኅተም ያለው ወረቀት ያምጣ፣ ካርዳቸውም ወጥቶ «በፈቃድ ብቻ» የሚል በተመታበት አዲስ ካርድ ይተካ ተባለ። አሮጌዎቹን አወጣሁ፣ አዲሶቹን በታይፕ መታሁ፣ እንደ ልማዴ ከዘንጉ በላይ አቆምኳቸው። ግን ማን ያያቸዋል? በጋሽ ታደሰ ቦታ ሰው አልተተካም። ካርዶቹ ቆመው ከረሙ፣ መሳቢያዎቹም አልዘጋ ብለው እንደ ተራበ አፍ ተከፍተው ሰነበቱ። እትዬ ስንዱ በዚያ ባለፉ ቁጥር ፈገግ ይላሉ።

«ተዋቸው መላኩ፣ መጥቶ ያያቸዋል» ይሉኛል።

ካድሬው ግን ሐሙስ ጠዋት ገባና «ይህ ምን ዓይነት ዝርክርክነት ነው? ነገ ስመጣ ሁሉም ተዘግቶ ላግኝ» ብሎ አምባርቆብን ወጣ። እትዬ ስንዱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልታወርዳቸው ነው?»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ሰምተዋል።»

«ታደሰ ሳያያቸው ካወረድካቸው፣ አንተም ሞቷል ብለሃል ማለት ነው» አሉኝና ነጠላቸውን አጣፍተው የነገውን ስንቅ ሊሠሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት ከካድሬው ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ።

ክረምት ነበር። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከኮሶዬ በኩል ወርዶ ከተማውን ዋጠው፣ ግቢው ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ በመስኮት አይታይም። ተማሪ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። እንደምንም ብዬ የመጀመሪያውን መሳቢያ ስይዝ መብራት ድርግም አለ። መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፣ ባትሪ ልዋስ ብዬ በሩ ላይ ወደሚቀመጠው ዘበኛችን ወደ አያ ደሴ ሄድኩ፣ ሰጠኝ፣ ተመለስኩ።

ኮሪደሩ መሐል ስደርስ ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ፣ ዘንግ ሲሳብ የሚወጣው ጥርስ የሚያስነክስ ፍጭት ነው። ከዚያ ካርዶች ጠብ ሲሉ፣ ከዚያ መሳቢያ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ። ድመት ነው አልኩ፣ ወዲያው ድመት ዘንግ እንደማይስብ ትዝ አለኝ። ሌላ ዘንግ ተሳበ። በቆምኩበት ጆሮዬን ብጥል ከቁም ሣጥኑ ወዲያ ሹክሹክታ አለ፣ ችኮላ የሌለበት፣ ሥራው ላይ ያለ ሰው ሹክሹክታ፣ «ሀ ለ ሐ መ ሠ…»

«ጋሼ?» አልኩ። ድምፁ ፊደሉን ሳይጨርስ ቀጥ አለ።

ባትሪውን አብርቼ ዞርኩ፣ ማንም የለም። ከአንዱ በቀር መሳቢያዎቹ ሁሉ ተዘግተዋል። አንዱን ከፈትኩ፣ ካርዶቹ ወርደዋል፣ ሌላውን ከፈትኩ፣ ወርደዋል። ዘንጉን ስነካው፣ እመነኝ ወዳጄ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ብረቱ ሞቅ ብሎ ነበር፣ ሰው ይዞት እንደ ቆየ። ያልተዘጋው መሳቢያ ውስጥ አንዲት ካርድ ብቻ ቆማለች፣ በራሷ ተተክላ፣ ቀዳዳዋ ወደ ላይ። ባትሪውን አስጠግቼ አየኋት፣ ስለ አዋላጅነት የተጻፈ መጽሐፍ ካርድ ናት፤ ከታገዱት ውስጥ አልነበረችም፣ በችኮላ «በፈቃድ ብቻ» የመታሁባት እኔ ነኝ።

እየሮጥኩ ወጣሁ። «አያ ደሴ! ማን ገባ?»

«ማን ይገባል? በሩን ይዤ የለ እንዴ! ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለሳ?»

«ግባና እይ፣ ውስጥ ሰው አለ።»

«እኔ? ፊደል ያልቆጠርሁት ሰውዬ መጽሐፍ መሐል ምን ልሠራ!» አለና አማተበ፣ ጠመንጃውን ግን ወደ በሩ አዞረ። የኋላ በር የለንም፣ መስኮቶቹ ብረት አላቸው። ቆልፌ ሄድኩ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ስንዱ ምሳ ዕቃቸውን እንደ ያዙ ገቡ፣ የተዘጉትን መሳቢያዎች ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «አወረድካቸው» አሉኝ። እኔ አይደለሁም አልኩና በራሷ እንደ ተተከለች ካርዷን አሳየኋቸው። እትዬ ስንዱ ካርዷን አገላብጠው አይተው ጮኹ፣ የደስታ ጩኸት፣ «ተፈቷል! የት አለ? ታደሰ!» እያሉ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ዞሩ፣ የኋላውን ክፍል አስከፈቱኝ፣ የባላቸው ኮት ያለበትን ወንበር ሳይቀር ዳሰሱት። ማንም የለም። «ቢሆንም አለ ማለት ነው» ብለው ወደ እስር ቤት በረሩ። ካድሬው ከእሳቸው ቀጥሎ ገብቶ መሳቢያዎቹን አየና «ጎበዝ» ብሎኝ ሄደ።

እትዬ ስንዱ ሲመለሱ ምሳ ዕቃው እንደ ሞላ ነው። አላለቀሱም። «አታምጪ አለኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ሌላ ሰው ወሬ። ምሳ ዕቃውን ካታሎጉ ላይ አስቀመጡት።

«ትናንት እዚህ ነበር አላልከኝም? እዚህ ይብላ» አሉኝ።

ይህ ነገር ደስ አላለኝም፣ ግን እንዴት እከለክላለሁ? በሩን ራሴ ቆለፍኩ፣ ቁልፉ አንድ ነው፣ እሱም ከኪሴ አልወጣም። ሰኞ ጠዋት ከፍቼ ስገባ ምሳ ዕቃው ባዶ ነበር። አይጥ ነው እንዳትለኝ፤ አይጥ ዕቃ አያጥብም፣ መልሶም አይከድንም። እትዬ ስንዱ አንስተው አዩት፣ አቅፈውት ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ፣ በዓርቡም ሞልተው መጡ፣ በሚቀጥለውም። ዘመዶች መርዶውን ሰምተው ለለቅሶ ቤታቸው ቢሄዱ «ሰውዬው እየበላ ማንን ነው የምታለቅሱት?» ብለው መለሷቸው። ሰው «አበዱ» አለ። እኔ አበዱ ማለት እንኳ አልቻልኩም፣ ቁልፉ የእኔ ነዋ።

ክረምቱ ሲወጣ የጋሽ ታደሰ እናት ከመካነ ብርሃን ወረዱ። መንገዱ ያደከማቸው፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ባልቴት ናቸው። እትዬ ስንዱን አልፈው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ አይተሃል አሉኝ። ሙቷል ወይስ አለ?» አሉኝ። «ሙቶ እንደሁ ፍትሐቱ አይቅርበት፣ ነፍሱ ተንከራትታ ትቀራለች። በሕይወት ላለ ሰው ደግሞ ፍትሐት አይደረግም፣ ኃጢአት ነው። ቄሶቹም እርግጡን ይዘሽ ነይ አሉኝ።»

ያ ሁሉ ትምህርት የት እንደ ገባ እንጃ፣ «አላውቅም እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያስ ክፈትልኝ፣ ራሴ ልጠይቀው» አሉ። ዓርብ ነበር፣ ምሳ ዕቃውም ካታሎጉ ላይ ነው። አስገባኋቸው፣ በሩን መለስኩት፣ እትዬ ስንዱና እኔ ደጅ ቆምን። ምንም ድምፅ አልነበረም፣ አንዴ ብቻ ወንበር ሲሳብ ሰማን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አሮጊቷ ወጡ፣ ምሳ ዕቃው በእጃቸው ነው፣ ለእትዬ ስንዱ አቀበሏቸው፣ ባዶ ነው።

«ጨው ለምን ትከለክለኛለች አለ» አሏቸው።

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፣ ባላቸው ከተወሰዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅሱ አየኋቸው። «ደም ብዛት አለበት ብሎ ሐኪሙ ለእኔ ብቻ ነግሮኝ ነው» አሉኝ፣ «ታደሰም እንዳይናደድ፣ እናቱም እንዳይሰጉ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፣ ዝም ብዬ ነው ጨውን ያስቀረሁት።»

አሮጊቷ በማግሥቱ በድብ ባሕር መንገድ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፍትሐቱን ያስደርጉ ይሆን ወይስ ይተዉት፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። እኔም ዝውውር ጠይቄ ወጣሁ፣ ቁልፉን ለእትዬ ስንዱ ሳስረክብ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። በመጨረሻው ዓርብ አያ ደሴን በሩ ላይ ተሰናብቼ ስወጣ፣ እትዬ ስንዱ ምሳ ዕቃውን ይዘው እየገቡ ነበር፣ በሌላ እጃቸው ደግሞ ጨው ይዘዋል።