የተገለበጡት የአኻያ ችካሎች

«ልክ ነው አይደል?» አለች ሚሪያም፣ የጎማ ቦቲዋን ከጭቃው እየነቀለች።

ኤዶም በጅረቱ ዳር የተተከሉትን ሃያ የአኻያ ችካሎች አየች። የሁሉም የቅጠል እምቡጥ ወደ መሬት አዘቅዝቋል። ሚሪያም ገልብጣ ነው የተከለቻቸው።

«ኦኬ ነው» አለች ኤዶም።

ሚሪያም ደስ ብሏት ወደ መኪናው ሮጠች።

አሜሪካ፣ ቡሪየን ከተማ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያናቸው ጀርባ የምታልፈው ይህች ትንሽ ጅረት በዝናብ ወራት ዳርቻዋን እየሸረሸረች አጥሩ ሥር ደርሳለች። ጋሽ ሥዩም ጡረታ ከወጡ ወዲህ የወጣቶቹን ቡድን ይዘው ዳርቻውን ይጠግናሉ፤ ያለ ሲሚንቶ። ከኮኮናት ቃጫ የተሠራ ምንጣፍ አንጥፈው፣ በላዩ ላይ ከአኻያ የተቆረጡ እርጥብ ችካሎች ይተክላሉ። ችካሎቹ ሥር ሲያወጡ አፈሩን ጨምድደው ይይዙታል። ኤዶም ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም። ሚሪያም ግን ገና ሦስተኛ ቅዳሜዋ ነው።

ጠዋት ጋሽ ሥዩም «በሚቀጥለው ሳምንት ሥራችንን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ። የምታስረዳልን ሚሪያም ናት፤ እንግሊዝኛዋ አንደኛ ነው» ሲሉ የኤዶም ጆሮ ጋለ። አሜሪካ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ በእንግሊዝኛ ልትናገር ስትል ግን ቃላቱ ይጠፉባታል። ሚሪያም እዚሁ ነው የተወለደችው።

«እኔ በሠራሁት እሷ ታውራበት?» አለች በልቧ።

ከመኪናው በኩል ሚሪያም ለእንግዶቹ የምትለውን ስትለማመድ ይሰማል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ያጨበጭባሉ። ኤዶም፣ ከእንግዶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ የተገለበጠውን ችካል ሲያይ፣ ሚሪያምም አፏ ሲተሳሰር በሐሳቧ ታያት። ደስ አላት።

በዚያው ቅጽበት ከረድፉ ሥር አንድ ጓል አፈር ተገምሶ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ከጎኑ ኤዶም አምና የተከለቻቸው አኻያዎች አሉ፤ ወገቧ ድረስ አድገዋል። ውሃው አፈሩን ይዞ ሄደ። የሚሪያም ረድፍ ካልያዘ ቀጥሎ የሚሸረሸረው የኤዶም አኻያዎች ሥር ነው።

«ሚሪ! ነይማ አንዴ!»

«ሶ፣ ምን ሆነ?» አለች ሚሪያም ተመልሳ መጥታ።

«ተገልብጠዋል። እምቡጡ ወደ ላይ ነው መሆን ያለበት። እንዲህ ሆነው አይዙም።»

«ቅድም ኦኬ ነው አላልሽም እንዴ?»

«ብያለሁ። እያየሁ ነው ዝም ያልኩት።»

«ዋይ? ለምን?»

ኤዶም እርጥብ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። «እንግዶቹን እኔ ላስረዳ ፈልጌ ነበር። አሁንም እፈልጋለሁ።»

ሚሪያም አፈጠጠችባት።

«ልጆች፣ እንሂድ እንጂ!» ብለው ተጣሩ ጋሽ ሥዩም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይጠብቁን!» አለች ኤዶም። ተንበርክካ የመጀመሪያውን ችካል በሁለት እጇ ይዛ ለመንቀል ነቀነቀችው። ሚሪያም ትንሽ ቆማ አየቻት። ከዚያ ሄዳ በረድፉ ሌላኛው ጫፍ ተንበረከከች።