የወለተ ሐና ዋስ

ሽታሁን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ፣ ከሚኒ ሚዲያው ክፍል ውጭ ድምፅ ማጉያው ሥር የተኮለኮሉት ተማሪዎች አጨበጨቡ። አንዱ አፏጨ።

«ሰማሽ?» አለ ማይኩን እያጠፋ። «ፍቅረ ሥላሴ ችሎት ፊት ሲቆም እኮ ሴቶቹ ሊያለቅሱ ነበር። ነፍስ የሆነ ክፍል ነው!»

ሥርጉት ፈገግ አለች። የቢቸና ተማሪ ዓርብ ዓርብ በእረፍት ሰዓት የሚያዳምጠውን ይህን የፍቅር ታሪክ የምትጽፈው እሷ ናት፤ የሚያነበው ግን ሽታሁን ነው። የሥርጉት ድምፅ ሰው ሲበዛ ይጠፋል።

ታሪኩ የድሮ ነው። ወለተ ሐና የምትባል ልጅ አባቷ ሲሞት አጎቷ ርስቷን ይነጥቃታል፤ እሷም ከሳ ችሎት ታቆመዋለች። በዚህ ሳምንት ክፍል የሚወዳት ፍቅረ ሥላሴ ተነሥቶ ተሟገተላት። እሷ በነጠላዋ ተከናንባ አለቀሰች። ርስቱ ተመለሰ። የቀረው ሠርጉ ብቻ ነው፤ እሱም የሚነበበው በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ሞጣ ላይ፣ የሁለቱ ከተሞች የሥነ ጽሑፍ ክበቦች በሚገናኙበት አዳራሽ ነው።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች ስልኳ ጮኸ። ክፍሎቹ በክበቡ የቴሌግራም ቻናልም ስለሚለቀቁ ሞጣም አንባቢ አላት። ሪሃብ ትባላለች። በአካል አይተዋወቁም፤ እናቷ ወይዘሮ ሳብሪያ ጨርቅ እንደሚነግዱ ግን ሥርጉት ታውቃለች።

«ሥርጉትዬ፣ ዛሬ ተናደድኩብሽ» ይላል መልእክቱ። «ክፍሉን ሱቅ ውስጥ ለእማዬ አነበብኩላት። መቀሷን አስቀመጠችና ‹ይቺ ልጅ ከዚህ በፊት ባለው ክፍል ሽፍታ በዱላ ያባረረችው አይደለችም? ምላሷን የት ጣለችው?› አለችኝ። አንቺ መልስ አለሽ?»

ሥርጉት ደሟ ፈላ። ‹የዚያ ዘመን ሴት እንዲያ ነበረች› ብላ ጻፈችና ከመላኳ በፊት ቆመች። ነበረች እንዴ? መስሏት እንጂ ማንንም ጠይቃ አልጻፈችውም።

የጎረቤታቸው የአባባ ገብረ ሚካኤል በር ክፍት ነበር። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ድሮ ሴት ልጅ ለርስቷ ስትከስ ማን ነበር የሚናገርላት?»

«ነገረ ፈጅ የምትፈልግ ነገረ ፈጅ ታቆማለች። አንደበት ያላት ራሷ ትቆማለቻ! የአባቴ እናት ራሳቸው ናቸው የተሟገቱት፤ ከባላጋራቸው ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ‹በላ ልበልሃ› እያሉ።» ሽማግሌው ቀና ብለው ተቀመጡ። «ውርርዱ ነው ደግሞ የሚያሞቀው። ‹ይህን ባላስረዳ በቅሎ እሰጥ!› ይላል አንዱ። ‹አገባ!› ብሎ ውርርዱን ይቀበላል ሌላው። ያን ጊዜ ዳኛው ዋስ ይጠራል። ዋስ ከሌለሽ ቃልሽ ባዶ ነው።»

«ከተረታችስ?»

«ዋሱ ነዋ በቅሎዋን ከራሱ የሚከፍለው! ስለዚህ አፍ ያለው ሞልቶ፣ ዋስ የሚሆን ነበር የሚጠፋው።»

ሥርጉት ወደ ቤት የተመለሰችው የችሎቱን ክፍል ልታፈርሰው ቆርጣ ነው።

ሰኞ ለሽታሁን ስትነግረው ሳንድዊቹ አፉ ውስጥ ቀረ። «ጤነኛ ነሽ? የተነበበ ክፍል ይሰረዛል እንዴ? ሰው እኮ አጨብጭቦለታል!»

«ያጨበጨቡት ለፍቅረ ሥላሴ ነው። ታሪኩ የወለተ ሐና ነው።»

«እሱን አስቀምጠሽ እሷን ካስለፈለፍሽማ ፍቅሩ የታለ? የፍርድ ቤት ዜና በይው በቃ።»

ይቺ ወጋቻት፤ እውነት አለባትና። ወለተ ሐናን አስነሥታ ስታናግራት ፍቅረ ሥላሴ እንደ ግንድ ተጋድሞ ይቀራል። ጥቂት ቃል ስትሰጠው ደግሞ ሙግቱን መልሶ ይወስደዋል። ጻፈች፣ ቀደደች፣ ጻፈች። ሐሙስ ዕለት፣ ልብስ እያጠበች ሳለ መላው ብልጭ አለላት፤ እጇን ሳታደርቅ ልትጽፈው ሮጣ ገባች።

ቅዳሜ ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን እንዳለፈ ሽታሁን ከቦርሳው የሠርጉን ክፍል አወጣ። «አሁንም ጊዜ አለ። ይቺን ላንብባት፤ ሰው ይሳቅ፣ ያጨብጭብ፣ ፈታ ብለን እንመለስ። ያንን አዲሱን ግን እኔ አላነብም። ከፈለግሽ ራሷ ደራሲዋ ታንብበው።»

ሥርጉት በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

የሞጣው አዳራሽ ጢም ብሏል። ከፊት ረድፍ አንዲት ሻሽ ያደረገች ልጅ እጇን አውለበለበችላት፤ ሪሃብ መሆኗን ወዲያው አወቀች። አጠገቧ ወይዘሮ ሳብሪያ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

«ከቢቸና፣ ሽታሁን!» አለ መድረክ መሪው።

ሽታሁን ወረቀቱን ይዞ ተነሣ። ሥርጉትም ተነሣች።

«ቁጭ በል፣ ሽቴ።»

«የምርሽን ነው?»

አልፋው ወደ መድረኩ ወጣች። ማይኩ ለሽታሁን ቁመት የተስተካከለ ነበርና ዝቅ እስክታደርገው ድረስ አዳራሹ ተንሾካሾከ።

«ባለፈው ሳምንት በቻናሉ ያነበባችሁት የችሎቱ ክፍል ተሰርዟል» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። ጉሮሮዋን ጠረገች። «የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ የጻፍኩትም እኔ ስለሆንኩ። ዛሬ ሠርግ የለም።»

«ኧረ በናትሽ!» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቅ ሆነ። ሥርጉት ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀችና ማንበብ ጀመረች።

«ወለተ ሐና የነጠላዋ ጫፍ ከአጎቷ ኩታ ጋር እንደተቋጠረ ቀና አለች። ‹ይህ መሬት የአባቴ ርስት መሆኑን ባላስረዳ፣ በቅሎ እሰጥ!› አለች።

‹አገባ!› አለ አጎቷ።

‹ዋስሽ ማን ነው?› አሉ ዳኛው።

ሕዝቡ አቀረቀረ። አጎቷን የማይፈራ አልነበረም። ፍቅረ ሥላሴ ከአንዲት በቅሎ በቀር በዓለም ላይ አንዳች የለውም፤ እሷም ብትሄድ በእግሩ ነው ወደ አገሩ የሚገባው።

‹እኔ ነኝ› አለ ተነሥቶ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ተቀመጠ።

ወለተ ሐና ወደ እሱ አልዞረችም። ሙግቷ ገና አላለቀም።»

ሥርጉት ቀና አለች። የሚያጨበጭብ የለም፤ የሚስቅም የለም። ሽታሁን ቀጥሎ የሚመጣውን እንደማያውቅ ሰው ወደ ፊት አዘንብሏል። ገጹን ገለጠችና ቀጠለች።