ለመብረድ የወጣው ሰው

ለቀስተኛው ከሐብሩ ወረዳ ዳር እስከ ዳር ጎርፎ መጥቷል። መርሳ ከተቆረቆረች ወዲህ ይህን ያህል ሕዝብ ያየች አይመስለኝም፤ ባጃጆቹ መሽሎኪያ አጥተው ማንጎ ተክል ውስጥ ገብተው ቆመዋል። የፍራፍሬ ነጋዴው ፈቃዱ ተገንዞ ቤቱ ተጋድሟል። ቀብሩ ግን ቆሟል። መምሬ ሰለሞን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሆነው «ራሱን ከፎቅ ለጣለ ሰው ፍትሐት አይደረግም» ብለው፣ ከዚያች ቃል ንቅንቅ አላሉም።

ኢንስፔክተር መቅደላ ከወልድያ የተጠራችው ለዚህ ነው። መቅደላን የማያውቅ ካለ ከሰሜን ወሎ ያልሆነ ነው። ሐራ ገበያ ላይ የጠፋ በሬ ያለቦታው መታሰሩን ከአቋቋሙ ለይታ ሌባውን አስይዛለች፤ በሬው ራሱ ቀርቦ መሰከረ የሚሉም አሉ፣ እኔ እንኳ እሱን አላረጋገጥሁም። ውሸታም ስሟን ሲሰማ ምራቁ ይደርቃል።

መቅደላ ገና ከመኪና ስትወርድ የሟች ሚስት በላይነሽ እጇን ያዘቻት።

«የኔ እናት፣ ፈቃዱ ራሱን አልጣለም። ያለ ጸሎት አፈር እንዳይመልሱበት ድረሺልኝ።»

«እትዬ በላይነሽ፣ በካርታ ተሸንፈው ባዶ ኪሳቸውን ወጡ ይላሉ።»

«ለካርታ ሲሄድ ኪሱ ሞልቶ ያውቃል እንዴ? በጉብዝናው ጊዜ ቁማር ቤቱንም መኪናውንም በልቶበታል። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ገንዘብ እኔ ዘንድ፣ የንግዱ ባንክ፣ የካርታው በአንዲት የሻይ ቆርቆሮ። ቆርቆሮዋ ከነጠፈች ወሩ እስኪያልቅ ካርታ የለም። ከቤቱ ወደ ቆርቆሮዋ አንዲት ብር አሻግሮ አያውቅም። ሲበሽቅም እልህ አይጋባም፤ ብድግ ብሎ ይወጣል።»

«ወጥተው ምን ያደርጋሉ?»

«እስኪበርድለት ደጅ ይቆማል። ሲበርድለት ይገባል።»

መቅደላ ቀና ስትል የድንኳኑ ሸራ ላይ በቀይ ቀለም የጎረቤት ከተማ ስም፣ «የግራና ዕድር» የሚል ጽሑፍ አየች።

«የዚህ ሠፈር ዕድር ሰብሳቢ እሳቸው አልነበሩ? የራሳችሁ ድንኳን የት ሄዶ ነው የግራና የተተከለው?»

«ንብረት ያዡ ግርማ ነው። ተቀዶ ሊሰፋ ተልኳል አለን፤ በሰብሳቢው ቀብር እንኳ የሰው ድንኳን ተዋስን።»

መቅደላ አብሯት የመጣውን ፖሊስ ዓሪፍን ወደ ጎን ጠርታ የዕድሩን መጋዘን አስከፍቶ እንዲያይ ላከችው፤ እሷ ፈቃዱ ወደወደቀበት ወደ ግርማ ቤት ሄደች።

ግርማ ቤቱን «ኢንተርናሽናል ሆቴል» ይለዋል፤ ሌላው ሰው የግርማ አልጋ ቤት ይለዋል። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከላይኛው ፎቅ አራት ሰዎች ፖከር ይጫወቱበታል። ትናንትም አራት ነበሩ። ዛሬ ፖሊስ አስጠርቷቸው ሦስቱ ጠረጴዛው ዙሪያ ቁጭ ብለዋል፦ ባለቤቱ ግርማ፣ ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣው መምህር ሄኖክ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ ጋሼ ወንድሙ። ካርታው እንደተበተነ ነው። በገንዘብ ፈንታ የሚጫወቱበት የቢራ ቆርኪ በየሰው ፊት ተቆልሏል። አንደኛው ቁልል ላይ ቡናማ ቆብ ተደፍቶበታል።

«የመጨረሻውን ጨዋታ ማን በላ?» አለች መቅደላ።

«እኔ» አለ ሄኖክ፣ አንገቱን ደፍቶ። «እሱ ሦስት ንጉሥ ይዟል። እኔ ምንም ሳልይዝ በእብደት ነው የጨመርኩት፤ መጨረሻ ላይ የወጣችው ካርታ አዳነችኝ። በትክክል የተጫወተው እሱ ነው፤ የበላሁት እኔ ነኝ። እሱ "ደግ ነው" ብሎ ቆቡን ቆርኪው ላይ ደፍቶ ወደ ሰገነቱ ወጣ።»

«ቆቡ ምንድን ነው?»

«እመለሳለሁ ማለት ነዋ!» አለ ጋሼ ወንድሙ። «ቆብ የተደፋበት ቆርኪ አይነካም። ለመብረድ የወጣን ሰውም ማንም አይከተለውም። ሰው ሲንተከተክ ብቻውን ይተዋል፤ ሕጉን ያወጣው ፈቃዱ ነው። እኛማ ሰገነቱ መካከል ብረቱን ተደግፎ ሲቆም ስንስቅበት ነበር፣ "ፍሪጅ ሊገባ ሄደ" እያልን።»

«ትናንት ግን ዓይኑ ልክ አልነበረም» አለ ግርማ ፈጠን ብሎ። «የመውደቁን ድምፅ ስሰማ ወደ ሰገነቱ ሮጥኩ። እነሱ በደረጃው ወረዱ። ቁልቁል ሳይ… ተዪው። የሰገነቱ ብረት እንደሆነ ከዳር እስከ ዳር የተበየደ አንድ ወጥ ነው፤ ሰው ካልወጣበት በቀር አይወድቅም።»

መቅደላ ግድግዳው ላይ በጉልህ የተጻፈውን አነበበች፦ «ማጨስ ፈጽሞ ክልክል ነው»። ከሥሩ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በሲጋራ ቁራጭ የተሞላ መተርኮሻ አለ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ» አለ ሄኖክ። «ሁልጊዜ ሰገነቱ ላይ ነበር የማጨሰው። ትናንት ግርማ አዘነልኝ። "ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እዚሁ አጭስ" ብሎ መተርኮሻውንም ራሱ አመጣልኝ።»

«ግርማ?» ጋሼ ወንድሙ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ደነገጠና አፉን ያዘ። «ባለፈው ክብሪት ስጭር ሲጋራውን ከአፌ የነጠቀኝ ሰውዬ?»

መቅደላ ብቻዋን ወደ ሰገነቱ ወጣች። ከታች ድንጋይ የተነጠፈበት ግቢ፣ ከዚያ ወዲያ የማንጎው ተክል ነው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ብረት ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳበሰችው። መካከሉ ላይ ወጥነቱ ይቋረጣል፤ በሩቅ ሲያዩት አጥር፣ ቀርበው ሲያዩት ወደ ውጭ የሚከፈት በር ነው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ አልጋና ፍራሽ በገመድ ሲሳብ የሚያልፍበት መሆን አለበት። ከግርጌው መቀርቀሪያ አለ። ሌላው ቀለም ዓመታት አርጅቶ ደርቋል፤ መቀርቀሪያው ላይ ያለው ግን ተሰንጥቆ ብረቱ ያብለጨልጫል። መቅደላ እዚያ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ከወለሉ ስትነሳ እጇ ላይ ዝገት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ መምሬ ሰለሞንንና በላይነሽን አስጠርታ ከሦስቱ ጋር እዚያው ክፍል አስቀመጠቻቸው። ዓሪፍም ተመልሶ በጆሮዋ አንዲት ነገር አንሾካሾከ።

«መምሬ፣ ሊሞት የወጣ ሰው ቦታዬን ጠብቁልኝ ብሎ ቆብ ይደፋል?»

«ሰይጣን በደቂቃ ያሳስታል ልጄ» አሉ መምሬ።

«ይሁን። የጠፋው የቆርቆሮዋ ገንዘብ ነው፤ ቤቱም ንግዱም አልተነካም። እኚህ ሰው ተሸንፈው የማይጎዱበትን ዘዴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው።» ወደ ሄኖክ ዞረች። «መምህር፣ እስቲ ውጣና ፈቃዱ ሲበርዱ እንደሚደገፉት፣ እዚያ መካከሉ ላይ ተደገፍልን።»

ሄኖክ ግራ እየተጋባ ወጣ። የክፍሉ በር ወለል ብሎ ስለተከፈተ ሁሉም ያዩታል። ሁለት ክንዱን ብረቱ ላይ ሊያሳርፍ ጎንበስ ሲል ግርማ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ።

«ተው! ሄኖክ ተው! መቀርቀሪያው ተከፍቷል!»

ሄኖክ እንደ ሐውልት ቀጥ አለ።

«አይዞህ፣ መቀርቀሪያውን እኔ ነኝ የከፈትኩት፤ በሩን በሽቦ አስሬዋለሁ» አለች መቅደላ። ከዚያ ለግርማ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «አንድ ወጥ ነው ያልከው ብረት ላይ የምን መቀርቀሪያ አየህ?»

ግርማ ወደ ደረጃው አየ፤ ዓሪፍ መውጫው ላይ ቆሟል።

«ገዳዩ ካርታ ማጭበርበር አላስፈለገውም» አለች መቅደላ። «መጠበቅ ብቻ ነበረበት። ካርታ ነውና ፈቃዱ አንድ ጊዜ መሸነፋቸው አይቀርም። ሲሸነፉ ይወጣሉ፤ ሲወጡ ማንም አይከተላቸውም። የሚያሰጋው አንድ ነገር ነው፦ ከሳቸው በፊት አጫሹ ወጥቶ ቢደገፍስ? ስለዚህ ክልክል ባለው ቤት መተርኮሻ መጣ። ፈቃዱ ሲወድቁ ሁለቱ ወደ ታች ሮጡ፤ አንድ ሰው ወደ ሰገነቱ ሮጦ በሩን ስቦ ቀረቀረው። ብረቱ ደህና ከሆነ ሰውዬው ዘለለ ይባላላ። ለምን እንዳደረገው ደግሞ ባዶው የዕድር መጋዘን ይናገራል። ድንኳኑም ድስቱም የሉም።»

ግርማ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ቤቲንግ ነው» አለ። «የኳስ ውርርድ ነው። የተበላሁትን ላስመልስ ብዬ ድስቱን ሸጥኩ። ድስቱን ላስመልስ ብዬ ድንኳኑን። ፈቃዱ ደረሰበት። አልተቆጣም እኮ! "እኔም እንዳንተ ነበርኩ፤ ለሚመጣው እሁድ ራስህ ለዕድርተኛው ንገር፣ አጠገብህ እቆማለሁ" አለኝ። ቆርቆሮ እንኳ ገዝቶ ሰጥቶኝ ነበር… የጨዋታዬን ብር እንድለይበት። ሰው ፊት መቆሙን አልቻልኩም።»

«ገድለኸው ደግሞ ለነፍሱ ፍትሐት ልትነሳው?» አለች በላይነሽ። ድምጿ ሹክሹክታ ነበር። «ገድለህ አይበቃህም ግርማ?»

ግርማ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ዓሪፍ አስነስቶ ወሰደው፤ ጋሼ ወንድሙ ግድግዳውን በቡጢ መታ።

መቅደላ፣ ያቺ አገር ያንቀጠቀጠች ሴት፣ በመስኮቱ በኩል ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች። ፈቃዱ የተጠመደው በስካሩና በእልሁ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልከበዳት። የተጠመደው በጨዋነቱ ነው። አንድ ቀን እንኳ ተናዶ፣ ተሳድቦ፣ ወንበሩ ላይ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ማንጎ ይጭን ነበር።

መምሬ ሰለሞን ከመቀመጫቸው ተነሱ። መስቀላቸውን ከእጀ ጠባባቸው ሥር አወጡና ከበላይነሽ ፊት ቆሙ።

«ልጄ» አሉ፣ «የክርስትና ስሙን ንገሪኝ።»

በላይነሽ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። መቅደላ ትከሻዋን ደገፈቻት።

«ኃይለ ሚካኤል» አለች በላይነሽ።