ካባውና ሸሚዙ

አሮጌው ንጉሥ ባረፉ በዓመቱ፣ ልጃቸው ዘውድ የሚጭኑበት ዕለት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ በቤተ መንግሥቱ የልብስ ግምጃ ቤት አሥራ ሁለት ሴቶች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የንጉሡን ካባ በወርቅ ክር ይጠልፉ ነበር፤ በጠረጴዛው ራስጌ የምትቀመጠው አለቃቸው የተጣመመ ስፌት ባየች ቁጥር «ፍቺው» ከማለት ስለማትመለስ፣ ከሹም እስከ በር ጠባቂ እትዬ ፍቺው ይሏት ነበር።

ከሦስት ቀን በፊት የቤተ መንግሥቱ ሐኪም ግራ ጡቷን ዳስሶ፣ እብጠቱ ነቀርሳ መሆኑን፣ በቢላዋ መውጣት እንዳለበት፣ የሚያስተኛው መድኃኒትም በመርከብ እስኪደርስ መጠበቅ ግድ እንደሆነ አስረድቷት ነበር። ነገሩን ለታናሽ እህቷ ብቻ በምስጢር ነገረቻት፤ ለታናሽ እህቷ በምስጢር መንገር ማለት ነጋሪት ማስጎሰም ነውና በማግስቱ ያልሰማ አልነበረም።

ቁርጥ ያጠግባል ይባላል፤ እሷን ግን ቁርጡ አላጠገባትም። መርፌ በእጇ ሳለ ደህና ናት፤ እጇ ሥራ የፈታ እንደሆነ ግን ፍርሃቱ መጥቶ ከጎኗ ቁጭ ይላል። ከፍርሃቱ ይልቅ ያናደዳት የሰው ደግነት ነበር፤ የካባውን ዘርፍ የምትሠራው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትነታረካት የኖረችው ባለዘርፏ እንኳ ድንገት አንቱ ብላት «እንዳሉ፣ እትዬ» ማለት ጀመረች። እትዬ ፍቺውም «ይቺ ሴትዮ ከተስማማችኝማ አለቀልኝ» ብላ አሰበች።

ሐኪሙ ካያት በአራተኛው ቀን መቀስ ፍለጋ ከጠረጴዛው ሥር ብታጎነብስ፣ በቅርጫት የተደበቀ ነጭ ጥጥ ጨርቅ አገኘች፤ ዘርግታ በቁመቷ ብትለካው ልክ ሆነ። ከፈን ነበር። በዚያ ቤት አለቃ ስትሞት ከፈኗን ሠራተኞቿ እንዲሰፉ የቆየ ደንብ ነበረና፣ ሴቶቹ በካባው ጥድፊያ ጊዜ እንዳያጥራቸው ሰግተው ቀደም ብለው ጀምረውታል።

እሷም ጨርቁን ወደ መስኮቱ ወስዳ ጠርዙን በጣቷ እየተከተለች መረመረች።

«ማን ናት የሰፋችው?»

«እኔ ነኝ» አለች ባለዘርፏ። «እያለቀስኩ ስለሰፋሁት ነው፣ እትዬ።»

«ያስታውቃል። በዚህ ጠማማ ስፌትማ አልቀበርም። ፍቺው።»

«አልፈታም» አለች ባለዘርፏ ቱግ ብላ። «ደግሞ አልተጣመመም። ዓይንሽ ነው የደከመው።»

እትዬ ፍቺው በሽታዋን ካወቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች፤ ሳቁም ሳይታሰብ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ሴቶቹም ይሳቁ ያልቅሱ ሳይለይላቸው አብረዋት ሆኑ።

«ቢላዋውንስ እችለዋለሁ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «የሚያስፈራኝ በዚያ ሁሉ የሐኪሙ ወንድ ተማሪ ፊት እርቃኔን መጋደሜ ነው። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳለብስ ኖሬ።»

ባለዘርፏ መቀሱን አንስታ ከፈኑን መሐል ለመሐል ከፈለችው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በግራ ጎኑ ብቻ የሚከፈት፣ በጥብጣብ የሚታሰር ሸሚዝ ወጣው፤ እትዬ ፍቺውም ሁለት ጊዜ ብቻ አስፈታች።

መርከቡ የደረሰው በዘውዱ ዋዜማ ነው፤ መድኃኒቱ ቶሎ የሚተን ስለሆነ ሐኪሙ በማግስቱ ጠዋት ቀጠራት። ይህን የሰሙት የግምጃ ቤቱ ሹም እየተጣደፉ መጡ።

«ካባውን ለንጉሡ የምታለብሺው አንቺ ነሽ» አሏት። «ያንቺ ጉዳይ ለሚቀጥለው መርከብ ይቆይ።»

የሚቀጥለው መርከብ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ከቆየች ቢላዋ እንደማያተርፋት ሐኪሙ ነግሯት ነበር።

«ጌታዬ» አለች እጅ ነስታ፤ «ንጉሡን የሚያለብስ አይጠፋም። በእኔ ፈንታ የሚተኛልኝ ግን የለም።»

«እኔ አለብሳቸዋለሁ» አለች ባለዘርፏ። «ከሷ አሳምሬ።»

«አይመስለኝም» አለች እትዬ ፍቺው፣ ደስ ብሏት።

የዘመኑ ዜና መዋዕል ስለ ካባው ወርቅ ሁለት ገጽ ሙሉ ይተርካል፤ እነማን እንደ ጠለፉት ግን አይናገርም፤ ዘውዱ በተጫነ ጊዜ መድፍ ሃያ አንድ ጊዜ መተኮሱንም አልዘነጋም። እትዬ ፍቺው ከዚያ ወዲያ አሥራ ስድስት ዓመት መኖሯ በየትም አልተጻፈም። በዚያ ጠዋት ከሰመመኗ ስትነቃ እህቷ ከአልጋዋ ራስጌ ተቀምጣ ነበር።

«መድፉ ስንት ጊዜ ተተኮሰ?» አለቻት በደከመ ድምፅ።

«እኔ እንጃ» አለች እህቷ። «እኔ ስቆጥር የነበረው ያንቺን ትንፋሽ ነው።»