ከሆዷ ሥር ያለችው እብጠት

የሱራያ ጣት በድመቷ በኩኚት ሆድ ላይ ድንገት ቆመ። ከጡቷ አጠገብ፣ ከቆዳዋ ሥር ምስር የምታህል ጠጣር ነገር አለች። ሱራያ ስትነካት ድመቷ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኛች እንጂ አልጮኸችም።

ሱራያ «እማ!» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከኩኚት ጋር አብረው ነው ያደጉት፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ። የአክስቷ ልጅ ዳያንግ ከሚሪ ከተማ እነሱ ወዳሉበት ኩቺንግ መጥታ አብራቸው መኖር ከጀመረች ወዲህ ግን ኩኚት የምትተኛው ዳያንግ እግር ሥር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «የዳያንግ ድመት» ይላታል። አሁን ይህ ቢሰማ አልቃሿም ዳያንግ፣ አስታማሚዋም ዳያንግ ልትሆን ነው። ይቺ እብጠት ግን የሱራያ ብቻ ናት።

ሱራያ በየቀኑ፣ ዳያንግ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ፣ ትዳብሳታለች። ምስሯ ሽምብራ አከለች። ሱራያ ፈራች፤ በዘገየች ቁጥር ግን መናገሩ እየከበዳት ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ዳያንግ ራሷ እብጠቱን አገኘችው።

«ሱራያ! ነይ እስቲ! ሆዷ ላይ እብጠት አለ እኮ!»

«ምን እኔን ትጠሪኛለሽ? ድመትሽ አይደለች?»

«አትቀልጂ ባክሽ!» አለች ዳያንግ። «በርሽን ስለምትዘጊባት እኮ ነው እኔ ጋ የምትመጣው!»

ሱራያ በሩን መዝጋት የጀመረችው ድመቷ መጀመሪያ ዳያንግ ጭን ላይ በወጣች ቀን ነበር፤ ለመቅጣት ብላ።

ከሰዓት በኋላ እማ ወደ ክሊኒክ ይዛቸው ሄደች። የእንስሳት ሐኪሟ ኩኚትን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ እብጠቱን በሁለት ጣት ያዘችው።

«የጡት እጢ ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ክፉ ነው፣ መቆረጥ አለበት። በምን ፍጥነት እንዳደገ ማወቅ አለብኝ። መቼ ነው ያያችሁት?»

«ዛሬ፣ ዶክተር» አለች ዳያንግ። እማም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሐኪሟ ልትጽፍ አጎነበሰች። ሱራያ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

«አይደለም» አለች። «ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ያኔ ምስር ነበር የምታክለው። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

«ምን አልሽ አንቺ?» አለች እማ።

ዳያንግ ፊቷን አዞረች። ሐኪሟ ጽፋ ጨረሰችና ቀና አለች። «ያኔ ብታመጧት ይሻል ነበር። ቢሆንም መናገርሽ ይጠቅመኛል። ነገ ጠዋት እንቆርጠዋለን።»

ኩኚት ሆዷ ተላጭቶ፣ ተሰፍቶ ቤት ገባች። እጢው ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ገና አይታወቅም። ዳያንግ አራት ቀን ሱራያን አላናገረቻትም፤ መድኃኒቱንም ለብቻዋ ትሰጣለች። በአምስተኛው ቀን ሱራያ ዳያንግ ክፍል ድረስ ሄደች።

«አንዱን የመድኃኒት ተራ ለእኔ ስጪኝ። የፈለግሽውን።»

ዳያንግ የኩኚትን ጆሮ አሻሸች።

«የንጋቱን ውሰጂ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ትነክሳለች ደግሞ።»

ሱራያ ወጥታ የማንቂያ ሰዓቷን ለንጋቱ አሥራ አንድ ሞላች።