ፊት የሌለው መልእክት

ብርቄ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበረች፤ የተኛች መስሏቸው በሯን ገርበብ አድርገው ነው የተዉት። ሳሎን ውስጥ አባቷና አጎቷ ያወሩ ነበር። አጎቷ የጭነት መኪና ሲነዳ መንገድ ላይ ታግቶ ከርሞ፣ ዘመድ አዝማድ ማስለቀቂያ ከፍሎለት የተመለሰ ሰሞን ነው። ከወሬው ብዙው ጠፍቷታል። አንዲት ነገር ብቻ ቀርታለች፦ «ያስለቀሰኝ ዱላው አይደለም። ዋጋ ሲያወጡልኝ መስማቴ ነው።»

ዛሬ የቋንቋ መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ቤዛ» ብሎ ሲጽፍ ይህች የአጎቷ ንግግር ብርቄ ጆሮ ላይ ደወለች።

መምህሩ ትርጉሙን መጀመሪያ የጠየቀው የብርቄን ጓደኛ ቀጮን ነበር። ቀጮ ከንፈሩን እያየች ዝም አለች። ከኋላ አንዱ «ኔትወርክ የለም» ሲል ክፍሉ ሳቀ። ቀጮ ከፀጉሯ ሥር መስሚያ መሣሪያ እንደምታደርግ የምታውቀው ብርቄ ብቻ ናት፤ በምስጢር የነገረቻትም እሷ ራሷ ነች። መሣሪያው አሁን ብርቄ ቦርሳ ውስጥ፣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ትናንት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቀጮ አውልቃ ስታስቀምጠው ነበር ብርቄ ያነሳችው። ማታ ቀጮ በማታውቀው ስልክ፣ «መስሚያሽን ከፈለግሽ ከጥያቄና መልስ ውድድሩ ውጪ» ብላ ላከችላት። ትምህርት ቤቱ የሚልከው አንድ ተማሪ ነው፤ ቀጮ ከወጣች ተራው የብርቄ ነው። ዛሬ ጠዋት ቀጮ አሞኛል ብላ ከውድድሩ ወጣች።

«እሺ ብርቄ፣ አንቺስ?»

የተያዘን ሰው ለማስለቀቅ የሚከፈል ዋጋ ነው አለች። መምህሩ አመስግኗት፣ እስቲ ዐረፍተ ነገር ሥሪበት አላት። ብርቄ ዓይኗን ቦርሳዋ ላይ ተከለች። ቀጮ መልሱ የጠፋባት መስሏት ዞር ብላ በዓይኗ አይዞሽ አለቻት። ብርቄ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አጎቷ ሄደች። ሹፌርነቱን ከተወ ወዲህ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ የመኪና ባትሪ ይሞላል። አቀርቅራ ሁሉንም ነገረችው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር። ነገ ማንም ሳያይ ቀጮ ዴስክ ውስጥ ልታስቀምጠው፣ ከውድድሩም ልትወጣ እንዳሰበች ጨመረችለት።

አጎቷ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«እኔንም እንደዚያ ነው የመለሱኝ» አለ። «ዓይኔን እንደታሰርኩ መንገድ ዳር ጥለውኝ ሄዱ። ፊታቸውን አላየሁም። ይኸው እስከ ዛሬ ደንበኛ በገባ ቁጥር፣ ይኼ ይሆን እንዴ እላለሁ።»

በርጩማው ላይ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ብርቄ ለብርሃን ብሎ ይመስላት ነበር።

«ብትጠላኝስ ጋሼ?»

«ልትጠላሽ ትችላለች። ግን ክፍሉን ሙሉ ስትጠረጥር አትኖርም።»

ብርቄ ካልሲውን ከቦርሳዋ አውጥታ መስሚያውን መዳፏ ላይ አደረገችው። ከባቄላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም።

«ቤቷ ድረስ ትሸኘኛለህ?»

«እስከ በሩ። ከዚያ ወዲያ ያንቺ ነው።»

በሩን ቆልፎ እስኪመጣ ደጅ ቆማ ጠበቀችው። ሲደርስ ሳትጠየቅ፣ «እሺ፣ እኔ ነኝ እላታለሁ» አለች። «ነገ ደግሞ ለመምህሩ።»